ከሚኤሶ እስከ ፈንታሌ፦ መሬት የተናወጠችበትን ስፍራ ለማየት



በ2017 ዓ.ም. መሬት እየደጋገመች የተናወጠችበትን ጊዜ በሚኤሶና በአካባቢዋ የነበረ ሰው አይረሳውም። ነገሩ የጀመረው መስከረም ላይ ነው። መጀመሪያ ከባድ መኪና በደጃችን ያለፈ እየመሰለን ዝም አልን። ታኅሣሥ ላይ ግን በቀን ብዙ ጊዜ ይመላለስ ጀመር። መደርደሪያ ላይ ያሉ ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ይንኳኩ ነበር፤ ሕፃናት ያለቅሱ ነበር፤ ደፋር የተባለውም ሰው ፍራሹን ወደ ግቢ አውጥቶ ማደር ጀመረ። ታኅሣሥ 25 ቀን በአፋር ክልል፣ በዶፋን ተራራ አካባቢ፣ እንፋሎትና አቧራ ከመሬት ፈንድቶ ሲወጣ በየስልኩ አየን። የካቲት 7 ቀን ማታ፣ በሻዕባን ወር አጋማሽ፣ መጠኑ 6 የደረሰው መንቀጥቀጥ መጣ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአፋርና የከረዩ ሰዎች ቀደም ሲል ቀያቸውን ለቀው ነበር።

በዚያ ሰሞን እኛም አንድ ጥፋት አጠፋን። ከመግሪብ በኋላ ለልጆች ደርስ ስንሰጥ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ኡስታዝ፣ መሬት ለምንድን ነው የምትናወጠው?» ብላ ጠየቀች። ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይዞረን ያደርን ነበርን፤ ፍርሃትም ነበረብን። ሳናስብበት «በዚያ በኩል ያሉ ሰዎች ወንጀላቸው ስለበዛ ነው» ብለን መለስንና ወደ ትምህርታችን ገባን። ከተማሪዎቻችን የአንዱ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ እናቱ የሳቡሬ አካባቢ ሰው ናት። በዚያው ሳምንት አያቱና አክስቶቹ ቤታቸውን ጥለው ሸራ ሥር ሰፍረው ነበር። ልጁ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ኪታቡን አጥፎ ወጣ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉም ቀረ። እናቱን ገበያ ላይ አግኝተን «ልጁ ታሟል ወይ?» ብንላት «እኔ ምን ልበል፤ ኡስታዝ ያውቁታል» ብላ ፊቷን መለሰች።

ቤቱ ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው፤ እርሱም ተመለሰ። የልጅቱ ጥያቄ ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ። መሬቱ ረገብ ካለ በኋላ፣ በ2018 ጥር ወር የግማሽ ዓመት ዕረፍት ሲመጣ፣ ከወላጆች ጋር ተመካክረን ነውጡ የተነሳበትን አገር በዓይናችን ለማየት ቆረጥን።

ጉዞው

ሁለት ኡስታዞች፣ አንዲት ኡስታዛ፣ ሁለት እናቶችና አሥራ ዘጠኝ ተማሪዎች ሆነን በአንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ከሱብሕ በኋላ ተነሳን። ወላጆች ለነዳጁ አዋጥተዋል። «እሳት ወዳለበት አገር ልጅ ይወሰዳል ወይ?» ብለው ልጆቻቸውን የከለከሉም ነበሩ፤ አልፈረድንባቸውም። ከጉዟችን ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 14 ቀን፣ በሰሜን አፋር የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ከሺዎች ዓመታት ዝምታ በኋላ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንንና ዑማንን አልፎ እስከ ሕንድ ሰማይ ደርሶ ነበር። እርሱ ከእኛ በጣም ሩቅ ነው፤ ወሬው ግን ቅርብ ነበር።

በአሰቦትና በቦርደዴ በኩል ወደ አዋሽ ወረድን። ማሽላው ታጭዶ አገዳው በየማሳው ተከምሯል። ልጆች ሳለን በአሮጌው ባቡር በዚህ መሥመር የሄድንበት ጊዜ ትዝ አለን። ባቡሩ ከአዋሽ አልፎ መተሐራ ሲደርስ በመስኮት የሚታየው መሬት በአንድ ጊዜ ይጠቁራል፤ ከጎናችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ይህ የተቃጠለ አገር ነው» ብለውን ነበር። ከዚያ ወዲህ ቃጠሎ የሚባል ነገር በተነሳ ቁጥር ዓይናችን ላይ የሚመጣው ያ ቦታ ነው።

የአዋሽን ብሔራዊ ፓርክ ስናቋርጥ ሳላ አየን፤ ልጆቹ ሁሉ በአንድ ወገን ተጨናንቀው አውቶቡሱ ያዘነበለ መሰለ። ከዚያ በስተቀኝ ፈንታሌ ብቅ አለ። ከባሕር ወለል በላይ 2,007 ሜትር የሚደርስ ተራራ ነው። ጫፉ ሹል አይደለም፤ በጥንት ጊዜ ከውስጡ የነበረውን ሁሉ ተፍቶ አናቱ ወደ ውስጥ ስለተደረመሰ ዛሬ ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል። ይህ የሆነው ወደ 170 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን የድንጋዩን ዕድሜ የለኩ ባለሙያዎች ይናገራሉ።

ጥቁሩ ድንጋይ

የመተሐራን ከተማ አልፈን በሰቃ ሐይቅ አጠገብ ወረድን። ያ በልጅነታችን በመስኮት ያየነው ጥቁር መሬት ይኸው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ወደ 1820 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ከፈንታሌ ደቡባዊ ግርጌ መሬት ተሰንጥቆ የቀለጠ ዓለት ፈሰሰና በዚህ ሜዳ ላይ በርዶ ቀረ። ሁለት መቶ ዓመት ብቻ ነው። የአያቶቻችን አያቶች በሕይወት ሳሉ የሆነ ነገር ነው ማለት ይቻላል።

ከሩቅ ሲታይ በትራክተር የተገለበጠ መሬት ይመስላል። ሲጠጉት ግን ቡጭቅጭቁ የወጣ፣ ሹል፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ነው፤ ሲረግጡት እንደ ሸክላ ስብርባሪ ይጮኻል። ሸበጥ ተጫምቶ የመጣ አንድ ተማሪ ነበረን፤ አሥር እርምጃ ሳይሄድ አንደኛው ተበጠሰ። የአውቶቡሱ ረዳት የራሱን ጫማ አውልቆ ሰጠው። ሳናስጠነቅቀው መምጣታችን የእኛ ስህተት ነው።

እዚህ ላይ ስለራሳችን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲናን በሁለቱ «ላበዎች» መካከል ያለውን ሁሉ ሐረም እንዳደረጉ በሐዲሥ ተምረናል፤ አስተምረናልም። ስናስተምር «ላበህ ማለት ጥቁር ድንጋይ ያለበት ቦታ ነው» ብለን እናልፍ ነበር። መተሐራ ላይ ቆመን ግን ነገሩ ገባን። ላበህ ወይም ሐረህ ማለት ይኸው ነው፤ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ዓለት የበረደበት ሜዳ። መዲና በምሥራቅ ሐረተ ዋቂም፣ በምዕራብ ሐረተል ወበራ ይዘዋታል። ሶሓቦች የሚያውቁት መሬት፣ ጫማቸውን የበላው ድንጋይ፣ ይህን የመሰለ ነበር። ይህን ስንነግራቸው ልጆቹ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ይነኩት ጀመር።

የመዲናው እሳት የጥንት ብቻም አልነበረም። በ654 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም በ1256 እ.ኤ.አ.፣ በጁማዳል ኣኺር ወር መዲና ለቀናት ከተናወጠች በኋላ ከከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ መሬት ተሰነጠቀ። የፈሰሰው ዓለት 23 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩት ቆመ። ደማስቆ ይኖር የነበረው የታሪክ ጸሐፊ አቡ ሻማ በዚያ ጊዜ ከመዲና የመጡ ደብዳቤዎችን መዝግቧል። ሕዝቡ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ተሰብስቦ ያለቅስ ነበር። የከተማዋ ቃዲ ወደ አሚሩ ሄደው ወደ አላህ እንዲመለስ መከሩት፤ አሚሩም ባሮቹን ነፃ አወጣ፣ ከሰዎች የወሰደውንም ገንዘብ መለሰ። እሳቱ በደጃቸው ሳለ የመዲና ሰዎች የቆጠሩት የጎረቤታቸውን ወንጀል አልነበረም። ይህን ስንተርክ ያ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ፊት ለፊታችን ተቀምጦ ነበር። ቀና ብለን ልናየው አፈርን፤ ግን በሁሉም ፊት «ያን ዕለት የተናገርነው ስህተት ነበር» አልን።

ሽብልቁ

ከዚያ ስለ ሰበቡ ተነጋገርን። የአፍሪካ መሬት በስምጥ ሸለቆው መሥመር ቀስ እያለ ለሁለት እየተለያየ ነው። በዓመት የሚራራቀው 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የጣት ጥፍር በሁለት ወር ከሚያድገው አይበልጥም። አዲስ አበባ በአንዱ ወገን ናት። እኛ ሚኤሶዎች የጨርጨር ተራሮች ግርጌ በመሆናችን በሌላው ወገን ነን። በመካከል ያለው መሬት ስስ ነው፤ ከሥሩም የቀለጠ ዓለት አለ።

እንጨት የፈለጠ ልጅ ሽብልቅ ምን እንደሆነ ያውቃል። ግንዱ ስንጥቅ ውስጥ ሽብልቅ ሲገባ እንጨቱ በአንዴ አይከፈልም፤ በተመታ ቁጥር ጠሽ፣ ጠሽ ይላል። በ2017ም የቀለጠው ዓለት ከፈንታሌ ሥር ተነስቶ ከመሬት በታች ወደ ሰሜን፣ ወደ ዶፋን አቅጣጫ፣ በአሥሮች ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር መንገድ እየሰነጠቀ ሄደ። ብርጭቆዎቻችንን ያንኳኳው የዚያ ስንጥቅ ድምፅ ነው። የሳተላይት መለኪያዎች መሬቱ የት ላይ እንዳበጠና የት ላይ እንደሰረገ አሳይተዋል። የቀለጠው ዓለት ወደ ላይ አልወጣም፤ ዶፋን ላይ የወጣውም እንፋሎትና አቧራ ነበር።

ያችው ጠያቂ ልጅ «ኡስታዝ፣ ሽብልቁንስ የሚመታው ማን ነው?» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ዝናብ ከደመና እንደሚወርድ እናውቃለን፤ አዝናቢው አላህ (ሱ.ወ.) መሆኑን ማመናችን ደመናውን ቀና ብለን ከማየት አልከለከለንም፤ ይህም እንደዚያው ነው አልናት። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ስትጋረድ ሰዎች ለእርሱ ሞት ነው አሉ፤ እርሳቸው ግን ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጋረዱ፣ ከአላህ ታምራት ሁለቱ እንደሆኑ ተናገሩ፤ ስናይም ወደ ሰላትና ወደ ዱዓ እንድንሮጥ አዘዙ። ሕንፃ ተደርምሶበት የሞተ አማኝ ደግሞ ከሸሂዶች እንደሚቆጠር ነግረውናል። ታዲያ ቤቱ የፈረሰበትን ሰው ወንጀለኛ ብለን የምንጠራው በምን ማስረጃ ነው? ዱዓውና ተውበቱ ለእያንዳንዳችን ነው።

ውሃ ፍለጋ

ዙህር ሲደርስ ሌላው ጥፋታችን ተገለጠ። የውዱእ ውሃ የሞላንባቸውን ሁለት ጀሪካኖች መድረሳው በር ላይ ረስተናቸው መጥተናል። የነበረን የመጠጥ ውሃ ብቻ ነው። ትልልቆቹ ተማሪዎች ወዲያው ክርክር ገጠሙ። «ተየሙም እናድርግ» አለ አንዱ። ሌላው «በየትኛው አፈር? ይህ ድንጋይ ነው፤ በሻፊዒይ መዝሀብ አቧራ ያለው አፈር ያስፈልጋል» ብሎ መለሰ። ሦስተኛው ጎንበስ ብሎ በድንጋዮቹ መካከል ነፋስ ሁለት መቶ ዓመት ሲያጠራቅመው የኖረውን ደቃቅ አፈር እያፈሰ አሳያቸው፤ እውነትም ሣር በቅሎበታል። እንዲህ ያለ ክርክር ክፍል ውስጥ ሰምተን አናውቅም።

ሆኖም ሐይቁ ከፊታችን ተንጣሎ ሳለ ተየሙም አያስፈልግም ነበር። በሰቃ ጨዋማ ነው፤ እጅ ላይ ሲያሹት እንደ ሳሙና ያሟልጫል። የውሃው ጣዕም የተለወጠው በተቀመጠበት መሬት ምክንያት ስለሆነ ንፁህነቱን አያጣም፤ የባሕር ውሃም ጨዋማ ነውና። ልጆቹ ወደ ዳር ሊሮጡ ሲሉ ፍየል የሚጠብቅ አንድ የከረዩ ወጣት ጮኸብን። አዞ አለበት! እግዜር ይስጠው ሳይሆን አላህ ይስጠው ብለን፣ እርሱ ባሳየን ገላጣ ቦታ ትልልቆቹ በባልዲ እየቀዱ ለሁሉም አዳረሱ።

ይኸው ወጣት ሐይቁ የአባቱን የግጦሽ መሬት እንደበላ ነገረን። በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የበሰቃ ስፋት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ነው። መንገዱንና አሮጌውን የባቡር ሐዲድ በተደጋጋሚ ከፍ ማድረግ አስፈልጎ ነበር። ለመስፋቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ከአካባቢው የመስኖ እርሻ ሰርጎ የሚመጣው ውሃ ነው። እሳቱን ብቻ እናይ ብለን መጥተን ውሃውም መሬት ሲወስድ አየን። ከሚኤሶ እስከዚያ ያለው ርቀት ለመንገደኛ ስለሚፈቅድ ዙህርና ዐስርን አሳጥረንና ሰብስበን ሰገድን።

ዋሻው

ልጆቹ ከሁሉ በላይ የጓጉት ለዋሻው ነበር። እሳተ ገሞራ ዋሻ የሚሠራበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ቦታ የሚፈሰው ዓለት ላዩ ሲበርድና ሲደርቅ ውስጡ እየፈሰሰ ያልቅና እንደ ቧንቧ ያለ ረጅም ዋሻ ይቀራል። በሳዑዲ ዓረቢያ በኸይበር ሐረህ ያለው ኡሙ ጂርሳን እንዲህ ያለ ነው፤ ርዝመቱ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ሰዎች ከከብቶቻቸው ጋር ለሺዎች ዓመታት ይጠለሉበት እንደነበር በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል። የፈንታሌዎቹ ግን ሌላ ዓይነት ናቸው። ተራራው የተፋው ትኩስ አመድ መሬት ላይ ተጣብቆ ገና ሳይደርቅ ከሥሩ የታፈነ ጋዝ አሳበጠው፤ ምጣድ ላይ ያለ ቂጣ ሲነፋ እንደሚያብጠው ማለት ነው። ከላይ ጉብታ፣ ከውስጥ ባዶ ሆኖ ቀረ። ዛሬ አንዳንዱ ጉብታ ጎኑ ተደርምሶ በር አውጥቷል።

ወጣቱ እረኛ ከእነዚህ ወደ አንዱ መራን። በሩ ዝቅ ያለ ነው። የስልካችንን መብራት አብርተን መጀመሪያ እኛ ገባን፤ ከአምስት እርምጃ በላይ ግን አልሄድንም። ወለሉ ላይ ከጣሪያው የወደቁ ሰፋፊ ድንጋዮች ነበሩ። አሮጌዎቹ አቧራና የፍየል በጠጥ ለብሰዋል፤ ሁለቱ ግን ስብራታቸው ነጣ ያለ ነው፣ አቧራም አልያዛቸውም። ቀና ብለን መብራቱን ስናደርግ ጣሪያው ላይ የተነሱበትን ቦታ አየን፤ ከጎኑም ቀጭን ስንጥቅ ወደ በሩ ይመጣል።

ወጥተን «ማንም አይገባም» አልን። ውድ አንባብያን፣ አሥራ ዘጠኝ ልጆች ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ዋሻ በር ላይ ሲከለከሉ ምን እንደሚሉ መገመት አያቅታችሁም። አንዱ «ፍየሎቹ ይገቡ የለም ወይ?» አለ። ሌላው «አንድ ደቂቃ ብቻ!» እያለ ለመነ። ያን ጊዜ ከጉዞው መጀመሪያ አንስቶ እምብዛም ያልተናገረው የሳቡሬዋ ልጅ «አያቴ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጣሪያ ሥር አትተኛም» አለ። «ቤቱ ተሠርቶላታል። ቀን ቀን ትገባለች፤ ሲመሽ ምንጣፏን ይዛ ትወጣለች።»

ልጆቹ ዝም አሉ። የለመነውም ልጅ ከበሩ ራቅ ብሎ ቆመ። ከዚያ ያች ጠያቂ ልጅ «አሁን የት ናቸው?» ብላ ጠየቀችው፤ እርሱም እየቆየ እየቆየ ያን ሌሊት ከእናቱ ስልክ የሰማውን ሁሉ ነገራቸው፤ ጩኸቱን፣ የጠፉትን ግመሎች፣ ጨለማ ውስጥ ሕፃን ልጅ ተረስቶ እንደገና የተገኘበትን። ከዋሻው ውጪ ጉብታው ጥላ ላይ ተቀምጠን ሰዓት ያህል ቆየን። ባልጩትና የሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ የለቀሙም ነበሩ፤ ሁለተኛው እናቶቻችን ተረከዝ የሚፈገፍጉበት ነው።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለመሄድ ለምታስቡ፦ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሂዱ፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ለልጅ ይከብዳል። ጠንካራ ጫማ፣ ብዙ ውሃ፣ የአካባቢውንም ሰው ያዙ። ስለ መንገዱ ሰላምና ስለ መሬቱ ሁኔታ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዋሻ ውስጥ አዲስ የወደቀ ድንጋይ ካያችሁ ልጁ ቢያለቅስም አታስገቡት።

ስንመለስ አዋሽ ሰባት ላይ የልጁ አጎት መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀን። ስለ ጉዟችን የነገረችው እኅቱ ናት፤ ያን ዕለት ስለተናገርነውም ሳትነግረው አልቀረችም። ልናነሳው አፋችንን ስንከፍት እጁን አወዛወዘና በቢጫ ጀሪካን የያዘውን የግመል ወተት አቀበለን። «ሳይመርር ጠጡት፤ ጀሪካኑን ግን መልሱልኝ» አለ። ልጆቹ በአንድ ኩባያ እየተቀባበሉ ጨረሱት።

ጀሪካኑ አሁን መድረሳው ጥግ ተቀምጧል። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም ብለው ልጆቹ ከየቤታቸው አንዳንድ ጣሳ ማሽላ እያመጡ ይሞሉት ጀምረዋል፤ ግማሽ ደርሷል።